ከየት ተቀጠርክ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ክረምት ስለ ዘይትና ስለ መድኃኒት ዋጋ ብዙ ተወራ፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለሆነው ግን ያነሣ የለም። አዲስ አበባ ካሉት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሁለት የሒሳብ መምህራን ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ሰባተኛ ክፍልን ያስተምራሉ። መጽሐፋቸው አንድ ነው፤ ፈተናቸው አንድ ነው፤ በሳምንት የሚይዙት ክፍለ ጊዜም እኩል ነው። አንደኛው ከውጭ የመጣ ካናዳዊ ነው፤ ደመወዙ በዶላር ይሰላል። ሁለተኛው ኮተቤ የተማረ ያገር ልጅ ነው፤ ደመወዙ በብር ነው። ነሐሴ ላይ ትምህርት ሲከፈት በሁለቱ መካከል ድሮም የነበረው ርቀት፣ ማንም ተሰብስቦ ሳይወስን፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የብሩ መምህር ወዳጄ ነው። በወር አንዴ በምንጠጣው ማኅበር ላይ ብሶቱን ሲያወራ ከጎኑ የተቀመጠው ማኅበርተኛችን ሳቀበት። እሱም የሒሳብ መምህር ነው፤ ኮተቤ አብረው ተምረዋል፤ የሚያስተምረው ግን በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። «የእኔን የመንፈቅ ደመወዝ በወር እየወሰድክ የምታለቅሰው በማን ላይ ነው?» አለው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። «ነጭ አምልኮ ነው» ያለ አለ፤ «ገበያ ነው፤ አርፋችሁ ጠጡ» ያለም አለ።

ሁለቱም መልሶች ክርክሩ ሳይጀመር ይዘጉታል። ነጭ አምልኮ የሚለው እውነት አለው፤ ነገር ግን ከውጭ ከተቀጠሩት መካከል ኬንያዊም ሕንዳዊም አለ፤ እነሱም የሚከፈላቸው በዶላር ነው። ገበያ የሚለው ደግሞ ደመወዙ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ይነግረናል እንጂ ይገባል ወይ የሚለውን አይነካውም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ በመካከል ያለው ነው። ሁለት ሰው ለአንድ ሥራ ቀጥሮ «አንተን ያመጣንህ ከየት ነው?» እያሉ መክፈል ፍትሕ የሚሆነው መቼ ነው? ንቀት የሚሆነውስ?

ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው። የአከፋፈሉ ሐረግ ከየት እንደሚመዘዝ ግን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄኔቭ ውስጥ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የመንግሥታቱ ማኅበርና የዓለም የሥራ ድርጅት ሠራተኞች ልጆች እንዲማሩበት ነው። በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ማኅበር ውስጥ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በፈረንሳዊው ጆርጅ ኖብልሜር ስም የሚጠራ የደመወዝ መርሕ ተረቅቆ ነበር። መርሑ ዓለም አቀፍ ሠራተኛ ከየትኛውም አገር ይምጣ፣ ክፍያው የተሻለ የሚከፍለውን መንግሥት ሠራተኛ እንኳ የሚስብ ይሁን ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ይህን ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ ሁለተኛ መርሕ ታከለ፤ ፍሌሚንግ ይሉታል። በዚያው አገር የሚቀጠር ሠራተኛ በዚያው ከተማ ካለው ጥሩ ክፍያ ጋር ተነጻጽሮ ይከፈለው የሚል ነው። የኢትዮጵያ ሰው ሁለቱንም መርሆች ስማቸውን ሳይሰማ ያውቃቸዋል፤ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ «ሎካል» እና «ኢንተርናሽናል» የሚባሉ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች በአንድ ሊፍት ሲወጡና ሲወርዱ አይቷል። ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶችም ያንኑ ቁርጥ ይዘው መጡ። ፈረንሳዮቹ ደግሞ፣ በውጭ ያሉ ትምህርት ቤቶቻቸውን የሚመራው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ከተቋቋመ በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ ሦስት ዓይነት መምህር ነበራቸው፤ ከፈረንሳይ የተላከ፣ እዚያው አገር ኗሪ የሆነ የፈረንሳይ መንግሥት መምህር፣ እና በአገሩ ሕግ የተቀጠረ። መካከለኛ ደረጃ ማበጀታቸው ቢያንስ ጥያቄው አስጨንቋቸው እንደነበር ያሳያል።

ወገንተኝነቴን ከአሁኑ ልናገር፤ ልቤ ከብሩ መምህር ጋር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የዶላሩን መምህር መከራከሪያ በሚገባ ማቆም አለብኝ።

ከውጭ የሚመጣ መምህር ብዙ ነገር ትቶ ይመጣል። ቤቱን አከራይቶ ወይም ዘግቶ፣ የጡረታ መዋጮውን አቋርጦ፣ ያረጁ ወላጆቹን ለእኅቱ አደራ ብሎ፣ ባለቤቱን ከሥራ አስለቅቆ ነው የሚመጣው። ትምህርት ቤቱ የቤት ኪራዩን ቢከፍልለት፣ በዓመት አንዴ ትኬት ቢቆርጥለት፣ ዕቃውን በኮንቴይነር ቢያስመጣለት የጎደለውን ሞላለት ማለት ነው። ይህን ካሳ እለዋለሁ። ካሳ የሚለካው በጎደለው ልክ ስለሆነ ያልጎደለበት ሰው አልተሰጠኝም ብሎ ቢያኮርፍ ሰሚ የለውም። ደመወዝ ግን ስለ ሥራው የሚሰጥ ነው። ለሰባተኛ ክፍል ሒሳብ፣ ለእርማቱ፣ ለወላጅ ስብሰባው፣ ሳይገባው የቀረውን ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ አስቀምጦ ለማስረዳት የሚከፈል ነው። ካሳው በካሳ ስም፣ ደመወዙ በደመወዝ ስም እስከተሰጠ ድረስ ሁለቱ መምህራን የሚጣሉበት ነገር አይታየኝም ነበር። ካሳው ደመወዝ ውስጥ ገብቶ ሲደበቅ ግን ስለ መንገዱ ርቀት የተከፈለው ገንዘብ ስለ ሰውየው ችሎታ የተከፈለ ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም እንደዚያ ያምናል።

ይህን ክርክር ከእኛ በፊት እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ያደረሱት ማኒላ ያሉ መምህራን ናቸው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ የፕሬዚዳንት ድንጋጌ የሚሠራ፣ የዲፕሎማቶችንና ለጊዜው የሚኖሩ የውጭ ሰዎችን ልጆች የሚያስተምር ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት አለ። መምህራኑን «ከውጭ የተቀጠረ» እና «እዚሁ የተቀጠረ» ብሎ ለሁለት ይከፍል ነበር፤ ለመለየትም አራት ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ቋሚ መኖሪያህ የት ነው? ኑሮህ የተመሠረተበት ኢኮኖሚ የየት አገር ነው? የኢኮኖሚ ታማኝነትህ ለየትኛው አገር ነው? ትምህርት ቤቱ ለዚሁ ሥራ ብሎ ከውጭ ቀጥሮ ያመጣህ ነህ? ከአራቱ የአንዱ መልስ እንኳ ወደ ፊሊፒንስ ካመለከተ ሰውየው «እዚሁ የተቀጠረ» ነው፤ የውጭ ዜጋ ቢሆንም። ከውጭ ለተቀጠሩት ቤት፣ መጓጓዣ፣ የዕቃ ማስጫኛ፣ ግብርና የዕረፍት ጉዞ ይሸፈንላቸው ነበር። በዚያ ላይ ደመወዛቸው በ25 በመቶ ይበልጥ ነበር። ትምህርት ቤቱ የሰጠው ምክንያት ሁለት ነው፤ ከአገራቸው መነቀላቸውና ኮንትራታቸው አጭር መሆኑ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። የኢኮኖሚ ታማኝነት! ወንድሙ ከጂዳ በሚልክለት ገንዘብ ሰሚት ቤት የሠራ የአዲስ አበባ መምህር የኢኮኖሚ ታማኝነቱ ለሳዑዲ ነው ወይስ ለኢትዮጵያ?

የመምህራኑ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 የሥራ ማቆም ማስታወቂያ አስገባ። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2000 ደመወዝን በሚመለከት ውሳኔውን ገለበጠው። የፍርዱ ልብ ከላይ ያልኩት ልዩነት ነው። መነቀሉም የኮንትራቱ ማጠርም በጥቅማ ጥቅሙ ተክሷል፤ ስለዚህ ያንኑ ምክንያት ሁለተኛ ጊዜ ደመወዝ ላይ መቁጠር አይቻልም፤ ሰው ለመሳብ ተብሎ የሌላው ሠራተኛ ደመወዝ ዝቅ ማለት የለበትም። አንድ አሠሪ ለሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መደብና ማዕረግ ከሰጠ ሥራቸው እኩል እንደሆነ ይገመታል፤ ልዩነት አለ የሚል ከሆነ የማስረዳቱ ሸክም የአሠሪው ነው። ቤቱንና ትኬቱን ግን ፍርድ ቤቱ አልነካውም።

ወዳጄ ይህን ስነግረው ፊቱ በራ። የውሳኔውን ሁለተኛ ክፍል ስነግረው ግን ቀዘቀዘ። ያው ፍርድ ቤት፣ በዚያው ቀን፣ ከውጭ የተቀጠሩትና እዚያው የተቀጠሩት በአንድ የድርድር ክፍል ውስጥ ሊቀመጡ አይገባም ብሏል፤ ጥቅማቸውም ታሪካቸውም የተለያየ ነውና። ሥራቸው አንድ ነው፤ ለድርድር ግን አብረው አይቀመጡም። ብዙ ሰው ይህን እንደ መጣረስ ያየዋል። እኔ ግን የፍርዱ ጥልቁ ክፍል ይህ ይመስለኛል፤ ሰዎች በሥራ እኩል ሆነው በኑሮ እኩል ላይሆኑ እንደሚችሉ፣ አንዱን ለሌላው ማስረጃ ማድረግ እንደማይቻል ያሳያል።

ወደ አገራችን እንመለስና ልዩነቱን እንፈትነው። ሁለት የእኅትማማች ልጆች አሉ እንበል፤ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ተመረቁ። አንዱ ዲቪ ደርሶት ቨርጂኒያ ገባ፤ ዜግነት ቀየረ፤ ጥቂት ዓመት አስተማረ። አሁን አዲስ አበባ ያለ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ከቨርጂኒያ ቀጥሮ አመጣው። ቢጫ ካርድ አለው፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ መንግሥት እንደ ልጁ ቆጥሮታል። ለትምህርት ቤቱ ግን የውጭ ቅጥር ነው፤ የቤት አበል እየተከፈለው ጉለሌ እናቱ ቤት ይተኛል። አገር ውስጥ የቀረው የአክስቱ ልጅ ደሴ ተመድቦ ሲያስተምር ኖሮ ለዚሁ ትምህርት ቤት ሲል ቤተሰቡን ነቅሎ አዲስ አበባ መጥቷል። ቤት የሚከራየው ከኪሱ ነው፤ ወላጆቹን ደሴ ለእኅቱ አደራ ብሏል። ከሁለቱ የተነቀለው የትኛው ነው? ካሳ በጎደለ ልክ ይለካል ካልን መልሱ ግልጽ ነው። በተግባር የሚለካው ግን በፓስፖርት ላይ በተመታ ማኅተም ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ማኅተም የለውም።

ለገበያው ወገን አንድ ነገር ልተውለት። የሚሰጠውን ካልሰጡት ከካናዳ ማንም አይመጣም፤ ይህን መካድ ሞኝነት ነው። እንግዲያው ለመምጣቱ ይከፈለው፤ ሲመጣ፣ በመምጫው ስም። ደግሞ ለውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው ሙያው በአገር ውስጥ እንደልብ አይገኝም ተብሎ ነው። አይገኝም የተባለው ሙያ ከግድግዳው ማዶ በብር ሲያስተምር የሚውል ከሆነ ከሥራ ፈቃዱና ከቅጥር ውሉ አንዱ ወረቀት ዋሽቷል።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ቀላል ነበር። የከበደኝ የመንግሥቱ መምህር ነው።

«እሺ» አለው ወዳጄን፤ «እኩል ሥራ፣ እኩል ክፍያ። ተቀበልኩ። አንተም ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለህ፣ እኔም ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አንተ ክፍል 18 ልጅ አለ፤ እኔ ክፍል 62። አንተ ፕሮጀክተር አለህ፤ እኔ ጠመኔው ሲያልቅ ከጎረቤት ክፍል እለምናለሁ። ከፍተኛ መምህር የሚል ደረጃ ይዣለሁ። እንግዲህ ከእኔና ከካናዳዊው ለአንተ የሚቀርበው ማነው?»

ወዳጄ የመለሰለት ብዙ ነገር ነው፤ ሁሉንም ከእሱ በኋላ እኔ ብቻዬን ሳገላብጠው ከርሜአለሁ። የመጀመሪያው መልስ ሥራው አንድ አይደለም የሚል ነው፤ ቋንቋው ሌላ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ሌላ፣ ፈተናው ሌላ። ይህ መልስ ወዲያው ወደ ራሱ ይዞራል። ሥራን እንዲህ እየሰነጠቅን ከሄድን ትምህርት ቤቱም ከውጭ የመጣው መምህር «ዓለም አቀፍ ልምድ» ስላለው ሥራው ከወዳጄ ሥራ ይለያል ማለት ይችላል። ብሏልም። ለመንግሥቱ መምህር ሲሆን ስንጥቁን ማስፋት፣ ለራስ ሲሆን ማጥበብ አያምርም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር 62 ልጅ ፊት ቆሞ ክፍልፋይ ማስረዳት ከ18ቱ ይልቅ ይከብዳል። መርሑን ጠንክረን ከያዝነው በመጀመሪያ ደመወዙ መስተካከል ያለበት የመንግሥቱ መምህር ነው።

ሁለተኛው መልስ አሠሪ የሚል ነው። ፍትሕ የሚጠየቀው ከሚከፍለው ሰው ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለቀጠራቸው ሰዎች ይጠየቃል፤ ለመንግሥት መምህር ደመወዝ የሚጠየቀው መንግሥት ነው። የማኒላው ፍርድም፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሰብአዊ መብቶች ሁሉን አቀፍ መግለጫ አንቀጽ 23ም በመሠረቱ በዚህ ላይ የቆሙ ይመስለኛል። (የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ስለ እኩል ሥራና እኩል ክፍያ የሚያነሣው ሴቶች ሠራተኞችን ለይቶ ነው፤ ስለ ቀረው ሰው ዝም ይላል።) ይህ መልስ ለፍርድ ቤት ይበቃል። ለኅሊና ግን አልበቃ አለኝ፤ ምክንያቱም በቀላሉ ይመለጣል። የዚያው ትምህርት ቤት ዘበኞችና ጽዳት ሠራተኞች የተቀጠሩት በኤጀንሲ በኩል ነው። ጠዋት ለወዳጄ በር የሚከፍቱለት፣ ስሙን የሚያውቁ፣ ከእሱ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ የሚውሉ ሰዎች በወረቀት ላይ የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች አይደሉም። ነገ መምህራኑንም በኤጀንሲ ቢቀጥር ወዳጄ አቤቱታው ይነጠቃል ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ አቤቱታው ከመጀመሪያውም የቆመው በፍትሕ ላይ ሳይሆን በውል አጻጻፍ ላይ ነበር።

ሦስተኛው መልስ የሚያሳፍር ስለሆነ ወዳጄ በግልጽ አልተናገረውም፤ እኔ ልናገርለት። የጎረቤት ደመወዝ የሚያቆስለው ስለሚታይ ነው። ካናዳዊው ሰኞ ጠዋት ስለ ላሊበላ ጉዞው ያወራል፤ የመንግሥቱ መምህር ሰኞ ጠዋት የት እንዳለ ማንም አያይም። ይህ ቅናት ነው ወይ? በከፊል ነው። ቅናት መሆኑ ግን ሐሰት አያደርገውም፤ አንዳንዴ ሰው እውነተኛ በደልን መጀመሪያ የሚያውቀው በቅናት ነው። ችግሩ ቅናት የሚያየው ወደ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ወዳጄ ወደ መንግሥቱ መምህር ሲያይ በትምህርት ቤቱ አጥር ይለካል፤ ወደ ካናዳዊው ሲያይ አጥሩን ይረሳዋል። ለሁለቱም አንድ መለኪያ ያዝ ሲሉት ወይ ከካናዳዊው ጋር እኩል መሆንን፣ ወይ ከመንግሥቱ መምህር መብለጥን ማጣት አለበት።

«ገንዘቡ እኮ አለ» ይላል ወዳጄ። ወላጆች የሚከፍሉት በዶላር ነው፤ ኤምባሲዎችና ድርጅቶች የሚሸፍኑት ነው፤ እኔ ብጨመር ከመንግሥቱ መምህር ኪስ አይወጣም። ይህ እውነት ነው፤ ለብዙ ጊዜም ክርክሩን የሚዘጋ መስሎኝ ነበር። ገንዘቡ መኖሩ ግን ለማን እንደሚገባ አይነግረንም። ያው ገንዘብ ለዘበኞቹም ሊሆን ይችላል። ደግሞ የዶላሩን ሚዛን ወዳጄ ቢያገኘው ከአገሩ የመምህርነት ሙያ የሚለየው አንድ ግድግዳ ይጨመራል፤ ጎበዝ የመንግሥት መምህር ሁሉ ዓይኑ ወደዚያ በር ይሆናል። አሁንም ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ጠበበ። እኩል ደመወዝ ይገባዋል ብዬ ልጽፍ ነበር የተነሣሁት፤ እኩል ሥራ የሚለውን መርሕ ይዤ ግን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ላቆመው አልቻልኩም። አሁን ልከራከርለት የምችለው ያነሰ ነገር ነው። የቅጥር ቦታ የሚናገረው ስለ ቦታ ብቻ ይሁን። ስለ ቤት፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ዕቃ፣ ካስፈለገም ስለ ማባበያ ይናገር። ስለ ሌላው ሁሉ አፉን ይዝጋ።

ሌላው ሁሉ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ወዳጄ ከላፕቶፑ ላይ አሳይቶኛል። ስለ ምጣኔ የሚያስተምር የስድስት ሳምንት ዕቅድ አለ፤ በቡና፣ በስኳርና በውኃ መጠን የተሠራ፣ ልጆቹ ራሳቸው እየቀመሙ የሚቀምሱበት። ጉግል ዶክስ ማን መቼ ምን እንደጻፈ ያስቀምጣል፤ ገጽ በገጽ የእሱ ስም ነው። ነሐሴ ላይ ከውጭ አዲስ መምህር መጣ፤ ዕቅዱን ወዳጄ ሁለት ሳምንት አስረዳው፤ የወላጆች ምሽት ላይ ያቀረበው ግን አዲሱ ነው። በጥር የዲፓርትመንት ኃላፊ ሆነ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወዳጄም አይጠላውም። በዚያ ምሽት ከወላጆቹ አንዱ ወደ ወዳጄ ጠጋ ብሎ «ወንድም፣ ረዳቱ አንተ ነህ?» አለው። የጠየቀው ሐበሻ ነው፤ በጥሩ አማርኛ፣ በጥሩ ትሕትና። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ያ ወላጅ ተሳሳተ ለማለት ይቸግረኛል፤ ከፊቱ የነበረውን ነገር በትክክል አነበበ። ማን ቆሞ እንደሚናገር፣ ማን ወንበር እንደሚደረድር አይቶ ነው የጠየቀው። የደመወዙን ልዩነት አያውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገውም፤ ልዩነቱ ከደመወዝ ወረቀቱ ወጥቶ ሰውዬው ላይ ተለጥፏል።

ይህ መለጠፍ ነው ንቀት የምለው። የመንግሥቱ መምህርም እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ነገር የለውም፤ ወዳጄ ኃላፊ ቢሆን፣ ዕቅዱን ራሱ ቢያቀርብ፣ አዲስ መምህር ሲቀጠር ጠያቂዎቹ መካከል ቢቀመጥ ከ62ቱ ልጆች የሚቀነስባቸው ነገር አይኖርም። ሕክምናም እንደዚሁ ነው። የአንዱ ኢንሹራንስ ታማሚውን በአውሮፕላን ናይሮቢ ያደርሳል፤ የሌላው ሰፈር ክሊኒክ ላይ ያበቃል። ቤት የተተወ ነገር ነው፤ ኩላሊት ግን ማንም ትቶ አይመጣም። አንድ ግቢ ውስጥ የሚውሉ ሁለት ኩላሊቶች በቅጥር ቦታ የሚለዩበትን ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ይህን ሁሉ አስቤ እንደ ጨረስኩ መስሎኝ ሳለ ወዳጄ ስለ ልጁ አነሣ።

ከውጭ ለሚመጡት መምህራን የልጅ ትምህርት በነጻ ነው። ለእሱ በሚደረግለት ቅናሽ የቀረውን ለመክፈል እንኳ ደመወዙ አይበቃም። ሴት ልጁ አራተኛ ክፍል ናት፤ ሰፈሩ ካለ የግል ትምህርት ቤት ትማራለች። እሱ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ልጅ ያስተምራል። ልቤ ወዲያው «ይህማ ግፍ ነው» አለ። ከዚያ የራሴን መለኪያ አወጣሁና ለካሁት። ከውጭ የመጣው መምህር ልጅ አማርኛ አይችልም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ በዚህ ከተማ ሊማር የሚችልበት ቦታ ጥቂት ነው። የሱ ነጻ ወንበር የጎደለ ነገር መሙያ ነው፤ ካሳ ነው። የወዳጄ ልጅ ግን ትምህርት ቤት አልጎደለባትም። ካሳና ደመወዝን ለይቼ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ መለኪያ ወዳጄ ተሸነፈ። ወንበሩን የደመወዙ አካል አድርጌ ላስገባው እችላለሁ፤ ያኔ ግን ስለ ደመወዝ የተውኩትን ክርክር በጓሮ በር መልሼ ማስገባቴ ነው፤ የመንግሥቱ መምህርም ያንን በር ያውቀዋል።

አወቀውም። ትርፍ ወንበር ካለ፣ አለ፣ እሱ ከሚያስተምራቸው መካከል አንድ ልጅ በፈተና ተመርጦ ለምን አይገባም? እዚያው ሰፈር ነው፤ ከአጥሩ ጀርባ። ወዳጄ ተቆጣ። «ልጄን ከተማሪህ ጋር ልታፎካክር ነው?» አለው። «ከአምባሳደሩ ልጅ ጋር እኩል ትሁን ስትል አልነበር?» አለው ያም። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ የማኒላውን ፍርድ ያመጣሁት እኔ ነኝና። ከዚያ ወዲህ ሳስበው ፈተናው ቢወጣ ሁለቱም ልጆች ይቀመጡለት ወደሚለው አደላለሁ። ወዳጄ ይህን ያነብባል ብዬ እገምታለሁ፤ በቃል ግን እስካሁን አልነገርኩትም።